ባልደረባህ ስህተትህን እንዳያይብህ

የኮድ ለውጥህ ሳይመረመር እንዲያልፍልህ ከፈለግህ በዙሪያው ያሉትን መስመሮች ከዲፉ ላይ፣ ማለትም የተቀየረውን ከሚያሳየው ዝርዝር ላይ፣ አጥፋቸው። ጊት ዝም ካልከው ከለውጡ በላይ ሦስት፣ ከበታቹም ሦስት መስመር ያሳያል። አንተ ዜሮ አድርገው።

እንበልና ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ ላሉ ሱቆችና ፋርማሲዎች የደሞዝ ፕሮግራም ትሠራለህ። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ ከግብር ነፃ የሆነውን ወርሃዊ ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳደገው። አንተም የግብር ሰንጠረዡ ውስጥ ገብተህ 600ን ሰርዘህ 2000 ጻፍክ። ዲፉ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ መስመር ብቻ ነው። ባልደረባህ አዋጁን ያውቀዋል፤ ቁጥሩ ልክ ነው፤ «ይለፍ» ይልሃል። ከሥሩ ያለው መስመር ግን ዛሬም «ከ601 እስከ 1,650፣ 10 በመቶ» እያለ ተቀምጧል። በአዲሱ አዋጅ ቀጣዩ እርከን ከ2,001 እስከ 4,000 ነው፣ ግብሩም 15 በመቶ። አንዲት መስመር ወረድ ብሎ ቢያይ ይይዝህ ነበር።

ወር ሲደርስ ፕሮግራሙ 3,000 ብር የምታገኘውን የፋርማሲ ካሸር በአሮጌው እርከን ያሰላታል፤ 150 ብር ሊቆረጥባት ሲገባ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥባታል። ልዩነቱ ለእሷ የበርካታ ቀናት ትራንስፖርት ነው። አንተ ዲፍህ አጭርና ንጹሕ ሆኖልሃል።

ዜሮው ካሳፈረህ ተቃራኒውን አድርግ፤ ፋይሉን በሙሉ ዘርግፍለት። ዓይኑ ሲደክም ያው «ይለፍ» ይላል።

ለውጡን ለብቻው በፋይል አድርገህ፣ ማለትም ፓች፣ የምትልክ ከሆነም አውድ አትጨምርበት። ፓች ቦታውን የሚያገኘው በዙሪያው ባሉት መስመሮች ነው፤ እነሱ ከሌሉ የመስመር ቁጥር ብቻ ይቀረዋል፣ ሌላ ሰው ከላይ ሁለት መስመር ከጨመረ ደግሞ ያ ቁጥር ይዛነፋል። ጊት ይህን ስለሚያውቅ አውድ የሌለውን ፓች በራሱ አይቀበልም፤ በትእዛዝ አስገድደው።

ከሁሉ በላይ «በዚህ ለውጥ ላይ ለመፍረድ አንባቢው ምን ማየት አለበት?» ብለህ እንዳትጠይቅ። የጠየቀ ሰው ለፊደል እርማት አንድ መስመር እንደሚበቃ፣ ለግብር ሰንጠረዥ ግን ሰንጠረዡ በሙሉ መታየት እንዳለበት ወዲያው ይደርስበታል። ጊት የተነካውን ፋንክሽን በሙሉ የሚያሳይ ትእዛዝ እንዳለውም ለባልደረባህ አትንገረው።