ሩዟና የውኃ አባቱ

ተረት ተረት! የላም በረት።

ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲወርዱ፣ ጉማራ ጣና ከመግባቱ በፊት በሚያጠጣው ሜዳ ላይ አንዲት ሩዝ ነበረች። በደርግ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣችው፣ ፎገራ ነጭ ወርቅ የሚላት ዘር ናት። ማሳዋን የሚያጠጡት ሦስት ትላልቅ ቦዮች ነበሩ። አንድ ዓመት አንዱን ደለል ዘጋውና ሩዟ ደረቷን ይዛ «ታፈንኩ!» ብላ ጮኸች።

ሹማምንቱ ብልህ አንጥረኛ አስመጡ። እሱም ደለሉን ወደ ጎን ገፍቶ፣ ቦዩ ዳግም እንዳይደፈን ወንፊት የመሰለ የሽቦ ቀለበት ተከለበት። ውኃው ገሰገሰ። እጁ ይባረክ፤ ሩዟን ከሞት አትርፏታል። ሹማምንቱ ጠላቸውን ጠጥተው ተበተኑ።

ስምንት ቀን ሳይሞላ ያው ጭንቀት ተመለሰ። ማለዳ ደህና ናት፤ ቀትር ላይ፣ ውኃ አብዝታ ስትሻ፣ ትታፈናለች።

«ጌቶቼ፣ አሁንም ያመኛል።»

«ቦዩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በዓይናችን አይተናል። ይልቅ ልብሽን አረጋጊ።»

ደግማ ስትናገር ነገረኛ አሏት። ዝም አለች። ስትጠወልግ ሰው እንዳያያት ከሌሎቹ መሃል ትሸሸግ ጀመር።

ዝምታዋን የሰማው ውኃውን ለየማሳው የሚያከፋፍለው የውኃ አባት ነው። ሱሪውን ሰብስቦ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም የማይከተላቸውን ጣት የሚያካክሉ ቦዮች ተከተለ። ጎንበስ ብሎ ዳራቸውን ዳሰሰ። ተሰነጣጥቋል። ድሮ ያን ዳር ሰርዶ አልብሶት ነበር። ሩዟ ስትጠማ ለአፈሩ «ላላ በል» ብሎ ሹክ የሚለው ሰርዶው ነው፤ አፈሩም ሰምቶ ይሰፋል። አሁን ሰርዶውን ጭስ አቃጥሎታል፣ ጨው በልቶታል፣ የውኃ ግፊት መንግሎታል። የሚነግረው ያጣ አፈር ደግሞ መስፋቱን ትቶ ይጨማደዳል።

ተረቱን እዚህ ላይ ላቁመው፤ የሰው ልብም እንዲሁ ነውና። የደም ሥርን ከውስጥ የሚያለብሰው ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ሽፋኑ የደም ሥሩን «ላላ በል» ብሎ እንደሚያዝ ሳይንቲስቱ ሮበርት ፈርችጎት እ.ኤ.አ. በ1980 አሳየ፤ ሹክሹክታው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ተገኘና በ1998 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ስቴንት የሚባለው የሐኪሞች የሽቦ ቀለበት ትልቁን ቦይ ይከፍታል። ከፀጉር የሚቀጥኑት የደም ሥሮች ግን በአንጂዮግራም፣ በደም ሥር ራጅ እንኳ አይታዩም። ስቴንት ከገባላቸው ቢያንስ ከአምስቱ አንዱ የደረት ሕመሙ አይለቀውም ወይም ይመለስበታል። ስንቱን፣ ይልቁንም ስንቷን ሴት፣ «ምንም የለብሽም» ብለን ከደጅ መልሰናል!

ወደ ተረቱ ልመለስ። የውኃ አባቱ ጭሱን አስቆመ፤ ሰርዶውን አንድ ባንድ መልሶ ተከለ። የተቃጠለ ዳር ቶሎ አይለመልምም። በየቀትሩ ግን ከዳሩ ተቀምጦ «ልጄ፣ ዛሬስ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ይላት ነበር።

የመጀመሪያ ቀን አልመለሰችለትም። በሁለተኛው ቀን በቅጠሏ ጫፍ አሳየችው።