ጠግባችሁ ኑ

ሰው ስለራበው ብቻ ምግብ ቤት መግባቱ ያስተዛዝባል። ያሰኘውን ማዘዙ፣ እስኪጠግብ መብላቱ፣ ሒሳቡን ከፍሎ በሰላም ወደ ቤቱ መሄዱ፣ ይህ ሁሉ ያልሠለጠነ ሰው ጠባይ ነው። ደግነቱ የአውሮፓና የአሜሪካ ታላላቅ ሼፎች ለዚህ ነውር መድኃኒት ካገኙለት ቆይተዋል። መድኃኒቱ የቅምሻ ሜኑ ይባላል፤ አወሳሰዱም ቀላል ነው። እንግዳው ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ የመጣለትን ይቀምሳል። ምን ልብላ ብሎ መጨነቅ ቀርቷል፤ ሼፉ ተጨንቆለታል። አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ከሠላሳ በላይ ሳህን ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ላይ የተቀመጠችው ግን አንዲት ጉርሻ ናት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል የሰማ ያገሬ ሰው፣ በአንድ ሌሊት ሠላሳ ጊዜ ተጣልቶ ፈገግ ብሎ መውጣት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አይጠፋውም።

ከጥበቡ ጥቂቱን እንይ። ስፔን ካታሎንያ ውስጥ፣ ሮዘስ አጠገብ የነበረው ኤል ቡሊ የዘመናችን የቅምሻ ገበታ ርዕሰ አድባራት ነበር። ሼፉ ፌራን አድሪያ የወይራውን ፍሬ ይጨምቅና ጭማቂውን ቀጭን ሽፋን አልብሶ፣ ድቡልቡል አድርጎ፣ መልሶ የወይራ ፍሬ ያስመስለው ነበር። "ወይራው ቀድሞስ ወይራ አልነበረም ወይ?" የሚል ካለ እሱ ለሥልጣኔ ገና አልደረሰም። እንግሊዝ አገር ብሬይ መንደር ያለው ፋት ደክ የባሕር ምግቡን አይፖድ ከተሸጎጠበት ትልቅ ዛጎል ጋር አቀረበ፤ እንግዳው ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ የማዕበል ድምፅ እየሰማ ይበላል። ዓሣ ከባሕር መምጣቱን ምላስ ብቻውን ቢመሰክር ማን ያምነዋል? ጣሊያን ሞዴና ከተማ ውስጥ ማሲሞ ቦቱራ ከእጅ አምልጦ የተፈረካከሰ የሚመስል የሎሚ ታርት በክብር ያቀርባል። ሌላ ቤት ቢሆን ከአስተናጋጁ ደመወዝ ይቆረጥ ነበር። የቺካጎው አሊኒያ ደግሞ ሒሊየም የተሞላ፣ የሚበላ የፖም ፊኛ አለው። እንግዳው አየሩን ሲስበው ድምፁ ይቀጥናል፤ ጠዋት ሠራተኛውን ሲያንቀጠቅጥ የዋለ የኩባንያ አለቃ ማታ በሕፃን ድምፅ ምስጋናውን ያቀርባል። የኮፐንሃገኑ ኖማ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ውስጥ በእንግድነት ገበታ ሲዘረጋ፣ ሕይወት ያላቸው ጉንዳኖች በጎመን ቅጠል ላይ አሰለፈ። ለካስ እኛ ጉንዳን ከምግብ ላይ ስናራግፍ የኖርነው ሀብት ስናባክን ነው!

ከምግቡ ይልቅ የሚያጠግበው መግለጫው ነው። አስተናጋጁ ሳህኑን አስቀምጦ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የካሮቷን ገድል ይተርካል፦ የበቀለችበትን ማሳ፣ የነቀላትን ገበሬ፣ የታጠነችበትን እንጨት። ከዚያ ትእዛዝ ይከተላል፦ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በጣት፣ ባንድ አፍ። እንግዳው ራሱን በአክብሮት ይነቀንቃል። ትረካው ሦስት ደቂቃ፣ ካሮቷ ሦስት ሰከንድ። ጨው ማስመጣት ነውር ነው፤ ሼፉን መስደብ ይሆናል። ከየሳህኑ ጋር የሚስማማ ወይን ደግሞ በሌላ ሒሳብ ይቀርባል። ባዶ ሆድ ላይ ስምንት ዓይነት ወይን ከወረደ በኋላ እንግዳው ሁሉ ገበታውን ለምን እንደሚያደንቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

ክፍያውም ጨዋነት የተሞላ ነው፤ ምግቡን ሳያዩ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቺካጎ ውስጥ የተከፈተው ኔክስት እንደ ቲያትር ቤት ቲኬት ይሸጥ ጀመር፤ የዚያው ባለቤቶች የሆነው አሊኒያም ተከተለው። ልጅ ታመመብኝ ብሎ መቅረት ይቻላል፤ ገንዘቡ ግን አብሮ አይቀርም። ኤል ቡሊ በዓመት የሚያስተናግደው 8,000 ያህል ሰው ሆኖ ሳለ፣ ቦታ የሚለምነው እስከ 2 ሚሊዮን ይደርስ እንደነበር ይነገራል። በእኛ ቤት የሚለምነው ጋባዡ ነው፦ "በሞቴ! አፈር ስሆን! ይችን ብቻ!" እዚያ በሞቴ የሚለው እንግዳው ነው። ወራት ቀድሞ ይማጸናል፣ ሲፈቀድለት ይከፍላል፣ ሲታዘዝ ይጎርሳል፣ ሲጨርስ ፎቶውን ለዓለም አሰራጭቶ ያለ ክፍያ ያስተዋውቃል። ከወይራውና ከፊኛው ሁሉ የላቀው ፈጠራ ይኸው ነው፦ እንግዳውን አገልጋይ፣ ጋባዡን ተገልጋይ አደረጉት። ቅር ያለው እንኳ አይናገርም። ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ "አልጠገብኩም" ከማለት "አልገባችሁም" ማለት ይቀላል።

ለመሆኑ የጣዕሙ ዳኛ ማን ነው? ጎማ ሻጭ። ጎማ ሠሪዎቹ የሚሽላን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1900 የመንገደኛ መምሪያ መጽሐፋቸውን ያወጡት ፈረንሳዊው ባለመኪና ብዙ እንዲነዳ፣ ብዙ ነድቶም ጎማ እንዲጨርስ ነበር። መጽሐፉ ለምግብ ቤቶች ኮከብ ማደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ሦስት ኮከብ ያገኘ ቤት ደግሞ ለእሱ ብቻ ተብሎ መንገድ ሊመታለት የሚገባ ነው። እነሆ ሼፍ ለኮከብ ይሠራል፣ እንግዳ ለኮከብ ይጓዛል፣ ጎማም ለኮከብ ያልቃል።

ያችን ቅጠል በወረንጦ አንሥቶ ሳህኑ ላይ የሚያሳርፋትስ ማን ነው? በብዙዎቹ ቤቶች ያለ ደመወዝ ሲሠራ የኖረ ተለማማጅ። ለአንድ ሰው እራት ከ500 ዶላር የማያንስ ያስከፍል የነበረው ኖማ ለተለማማጆቹ መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ነው። በጃንዋሪ 2023 ሼፉ ሬኔ ሬድዜፒ አሠራሩ በገንዘብም በመንፈስም የሚዘልቅ እንዳልሆነ ተናግሮ፣ ቤቱ መደበኛ ሬስቶራንት መሆኑን ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ። ግጥምጥሞሽ ይሆናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ተለማማጁ ግን ተበድሏል ማለት አንችልም፤ ቢያንስ ይበላል። ኤል ቡሊ ውስጥ እንግዶቹ ሳይደርሱ፣ ማዕድ ቤቱ በሙሉ ባንድነት ተቀምጦ የወግ እራቱን ይበላ ነበር። አድሪያ ሬስቶራንቱን በዘጋበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን የሠራተኛ ገበታ አሠራር የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሟል። ገልጦ ላየው ቺዝበርገር አለ፣ የተጠበሰ ዶሮ ከድንች ጋር አለ፣ ስፓጌቲ አለ። ወይራን ወይራ ለማስመሰል ጉልበት ያስፈልጋላ! ማዕድ ቤቱ በዶሮ ይጠግባል፤ አዳራሹ በጉርሻ ይጾማል። እንግዲህ ከእነዚህ ታላላቅ ቤቶች በአንዱ ጠግቦ ለመውጣት ለሚመኝ ወዳጄ ምክሬ አጭር ነው፦ ወንበር አትያዝ፤ ሥራ ጠይቅ።