ሽቦ በደረቴ

በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ የምታጠብቀው ወገቧን ነበር። መቀነቷን ጠምጥማ ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፤ አራስ ስትሆን ደግሞ ሆዷን ያስሩላታል። ደረቷን ግን ማንም ጉዳዬ አይለውም፣ የልጇ ነው። አሁን ግን እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ላይ፣ የልጅ ልጄ ጡት ማስያዣ ካልገዛሁልሽ ብላ ቁም ስቅሌን አሳየችኝ።

ጋሪሳ ሎጅ አካባቢ ካለ ሱቅ አስገባችኝ። ሻጩ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደረቴን ከሩቅ ገመተና «ማማ፣ አርባ ሲ» አይለኝም መሰላችሁ! አገር ቤት ቢሆን ይሄ ሽማግሌ ሳይላክ አይታረቅም ነበር። ያመጣልኝን ሳገላብጠው ከሥሩ ሽቦ፣ ከውስጡ ስፖንጅ፣ ከኋላው መንጠቆ በረድፍ በረድፍ። የጀርባ መንጠቆ ማን ይቆልፍልኛል? ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ቆየ። ሽቦውማ ቤት እስክገባ ጎኔን ሲጠቀጥቀኝ ዋለ።

ጊኮምባ የልባሽ ገበያ ይረክሳል ቢሉኝ እዚያም ወረድኩ። በቦንዳ ታስሮ የመጣ የፈረንጅ ጡት ማስያዣ እንደ ቋንጣ ተሰቅሎ ፀሐይ ይሞቃል። አንዱ ወጣት ጭራሽ ጭንቅላቱ ላይ አጥልቆት «ሃምሲኒ! ሃምሲኒ!»፣ ሃምሳ ማለቱ ነው፣ እያለ ይጨፍራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ሰበብ የኬንያ መንግሥት ይህን ሚቱምባ የሚሉትን ልባሽ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ መልሶ ፈቀደው እንጂ።

የልጅ ልጄ የጡት ማስያዣን አመጣጥ ከስልኳ አነበበችልኝ፦ ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የምትባል የኒውዮርክ ወጣት ኮርሴት ቢያስመርራት ሁለት የሐር መሐረብ በሪባን አያይዛ ለበሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1914 የፈጠራ መብት አገኘችበት፤ ኋላም ለዋርነር ኮርሴት ፋብሪካ በ1,500 ዶላር ሸጠችው። ሁለት መሐረብ! ምነው በዚያው በቀረ። ሽቦ የጨመረበትን እግዜር ይይለት።

አንድ ነገር ግን አላማም። ቲካ ከተማ ውስጥ የጡት ካንሰር ያለፈባቸው ሴቶች ከሹራብ ክር ጡት ይሠራሉ። ጎረቤቴ አንድ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ካጣች ወዲህ ጨርቅ ጎዝጉዛ ነበር ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው፤ ስትሰግድ እየተንሸራተተ ሆዷ ላይ ይወርድባታል፣ በነጠላዋ ሸፍና ታነሣዋለች። የክሩን አሳየችኝ፤ ለስላሳ ነው፣ ይታጠባል፣ ከጡት ማስያዣው ኪስ ገብቶ ቁጭ ይላል። የሲሊኮኑ ጡት ዋጋ የዚህን ብዙ እጥፍ ነው፤ የደሀ ደረት ግን ያው ደረት አይደል?

እናንተ ኢስሊ ሱቅ ያላችሁ ልጆቼ፣ ሽቦ የሌለው፣ ከፊት የሚቆለፍ፣ ለክሩም ጡት ኪስ ያለው አስመጡልን። ያንን ጎረምሳ ደግሞ ወደ ካልሲው መደርደሪያ አዛውሩትና በእሱ ቦታ ሴት ቅጠሩ።