የውሮ ጠበቃ

ጎረቤቴ ጋሼ የተፈጥሮ ጠበቃ ናቸው። የጥብቅና ፈቃድ የላቸውም፤ ደንበኛቸውም አንዲት ብቻ ናት፤ ድመታቸው ውሮ። ግን አንድም ቀን ተረትተው አያውቁም። እኔ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ከሳሽ ሆኜ አጥራቸው ሥር ቀርቤ፣ ሦስቴም ፋይሌን ዘግተውብኛል።

የመጀመሪያው ክስ የሰኔ ነው። ሆዱና ምንቃሩ ብርቱካንማ የሆነ፣ ሣር ላይ ዘለል ዘለል እያለ ትል የሚለቅም ወፍ አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ያለው ግቢ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ማለዳ ጫጩቱን ጽጌረዳው ሥር አየሁት። ደረቱ ዝንጉርጉር፣ ጭራው ከአውራ ጣት ያጠረ፣ የአፉ ዳርና ዳር ገና ቢጫ። ከጎጆ የወደቀ መስሎኝ ነበር። ለካ አልወደቀም፤ የዚህ ወፍ ጫጩት ክንፉ ሳይጠና ነው ከጎጆው የሚወጣው። ለጥቂት ቀናት መሬት ለመሬት ሲል ይሰነብታል፤ እናትና አባቱ ትል እያመላለሱ ያጎርሱታል። እናቲቱ ግንቡ ላይ ሆና፣ ትሉን በአፏ እንደያዘች ትጮኻለች። በእኔ የተቆጣች መስሎኝ ራቅ አልኩላት። እሷ ያየችው ግን ከኋላዬ ያለችውን ነው። ውሮ በሆዷ እየተሳበች መጣች፤ ዳሌዋን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አደረገች፤ አለቀ። እናቲቱ እስከ ረፋድ ድረስ ትሉን እንደያዘች እዚያው ነበረች።

«ተፈጥሮዋ ነው» አሉ ጋሼ፤ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።» ፋይሉ ተዘጋ።

መቼም ተፈጥሮ ሥራዋን ያለ ችግር እንድትሠራ ጋሼ ያልደከሙት ድካም የለም። አምና አጥሩን ይዞ የኖረውን ኮሽም አስነቅለው ግንብ አስገነቡ። ኮሽም እሾኹ የድመት አፍንጫ አያስገባም፤ የወፍ ጫጩት ግን ሥሩ ገብቶ ያድራል፤ እንዲህ ያለ አድሎ ደግሞ ጋሼ አይወዱም። ቁጥቋጦውን መነጠሩ፤ ሣሩን ላጩት። ውሮን በባዶ ሆዷ ያሳድሯትና ሲነጋጋ፣ ልክ ወፎች ጫጩት ማጉረስ በሚጀምሩበት ሰዓት፣ በሩን ይከፍቱላታል። በዚህ ሁሉ እርዳታ ካልተሳካላት ጥፋቱ የተፈጥሮ እንጂ የጋሼ አይሆንም።

ሁለተኛው ክስ የሐምሌ ነው፤ እዚያ ላይ እኔም ንጹሕ አልነበርኩም። ሌላ ጫጩት አግኝቼ፣ ከውሮ ላድነው ብዬ የጫማ ካርቶን ውስጥ አስተኛሁትና በወተት የራሰ ዳቦ አጎረስኩት። ወፍ ወተት አይፈጭም። ጠዋት ደርቆ አገኘሁት። ቅርንጫፍ ላይ መልሼው ዞር ብል ወላጆቹ ይመጡለት ነበር፤ ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ ትተወዋለች የሚባለውም ተረት ነው። ስለዚህ በዚያ ክረምት ውሮና እኔ እኩል ለእኩል ወጣን።

የሆነ ሆኖ ክሴን አቀረብኩ። «ቢያበሏት እኮ...» ስል ጋሼ አቋረጡኝ፤ «የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም።» ይኼን ለእንግሊዞቹ ማን በነገራቸው! የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ሥጋ የበዛበት ምግብ የሚበሉ ድመቶች ወደ ቤት ይዘው የሚመጡት አደን 36 በመቶ ቀነሰ። ባለቤቶቻቸው በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷቸው ደግሞ 25 በመቶ ቀነሰላቸው። በተረቱ አይጦች ተሰብስበው በድመት አንገት ማን ይሰረው ብለው የተጨነቁበት ቃጭል ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ያ ስብሰባ በከንቱ ነበር ማለት ነው። ደግሞስ ክንፉ ያልጠና ጫጩት ቃጭሉን ቢሰማ በምኑ ይበራል?

«ለድመት ሥጋ!» አሉ ጋሼ። «ኪሎው ስንት እንደገባ ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ እኔም ዝም አልኩ። ጨዋታው ግን ጫፉ ላይ ጨርቅ ከታሰረበት ሲባጎ በቀር ወጪ የለውም። ታዲያ ጋሼ በዚህ ዕድሜያቸው ከድመት ጋር ሲባጎ ሲጓተቱ የዕድር ዳኛ ቢያይስ? ፋይሉ ተዘጋ።

ለሦስተኛው ክስ የውጭ አገር ማስረጃ ይዤ ቀረብኩ። ቫልዶርፍ የምትባል የጀርመን ከተማ አለች። አናቱ ላይ ጉትዬ ያለው፣ ጎጆውን መሬት ላይ የሚሠራ ትንሽ ወፍ እዚያ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ባለሥልጣናቱ፣ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ያሉ ድመቶች እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከቤት እንዳይወጡ አዘዙ። ለወጣች ድመት 500 ዩሮ፤ ወፉን ከገደለች እስከ 50,000 ዩሮ። ጋሼ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። «ድመት ታስሮ ይኖራል? ግፍ አይሆንም?» አሉኝ። እኔም አፈርኩ። ለፍጡር ነፃነት እንዲህ የሚቆረቆር ሰው አጠገብ ስለ እስር ማንሳቴ ነውር ነበር።

መስከረም ላይ የጋሼ ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች።

በማግስቱ ተፈጥሮ ከጋሼ ግቢ ላልተወሰነ ጊዜ ታገደች። ጫጩቶቹ ትልቅ ቅርጫት ተደፋባቸው፤ ቅርጫቱ ላይ ድንጋይ ተጫነ። ጭላት ሰማዩ ላይ ዞር ዞር ባለች ቁጥር «ሽው!» የሚል የልጅ ልጅ ዱላ ይዞ ዘብ ቆመ። ውሮ ማድ ቤት ውስጥ ተቆለፈባት። እየጮኸች እንዳታስቸግር በቀን ሦስት ጊዜ ፍትፍት ይቀርብላታል። የልጅ ልጁም ከዘብ ሲመለስ በበሩ ሥር ሲባጎ እየጎተተ ያጫውታታል። ማንም አላዘዘው። ይህ እስር አንድ ወር ሊሞላው ምንም አልቀረው።

በእኛ በኩል ያለችው ብርቱካንማ ወፍ በዚያው ሰሞን ሁለት ጫጩት አወረደች። ጽጌረዳው ሥር ሰነበቱ፤ ከዚያ ግንቡ ላይ፤ ከዚያ የጋሼ ጣሪያ ላይ። ጋሼ ቀና ብለውም አላዩአቸው። እሳቸው ድንጋይ ይዘው የሚያዩት ጭላቷን ነው።

በግንቡ ላይ አንገቴን ብቅ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ ጭላትም እኮ ተፈጥሮዋ ነው» አልኳቸው።

ከነድንጋያቸው ዞሩ። «አንተ ሰው፣ ምን ልብ ነው ያለህ? ጫጩት እኮ ነው! ገና ክንፉ እንኳ አልጠና!»