ለመዝናናት ብቻ?

ጅማ ላይ ሻንጣ ይዞ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ሕክምና፣ ስብሰባ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ሐጅ፣ ጸበል፤ ከነዚህ አንዱ ካልሆነ ሰፈሩ ሰላም አያገኝም። ሻንጣው ትንሽ ከሆነ «ማን ታመመባችሁ?» ይባላል። ትልቅ ከሆነ ደግሞ «ተጣሉ እንዴ?» ቤተሰቡ በሙሉ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል፣ ከነሻንጣው ሲወጣ የታየ እንደሆነማ ወይ ዲቪ ደርሷቸዋል ወይ ቤቱ ተሸጧል። «ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ጋደም ብለን ልንመለስ ነው» የሚል መልስ ግን ከመርካቶ እስከ ጅሬን ተሰምቶ አያውቅም፤ ቢሰማም የሚያምን የለም።

ይህን ሥርዓት ያናጋችብን የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። ኑሮዋ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ በቪዲዮ ደወለችና እናቷ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው መሆኑን፣ ለዚህም ክብር ቤተሰቡ ከያለበት ተጠራርቶ አንድ የካሪቢያን ደሴት ላይ ሳምንት እንደሚከርም አወጀች። አማቴ አጋሮ ላይ ጀንፈል ሲገዙና ሲሸጡ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ስለ ልደታቸው የሚያውቁት በለቀማ ሰሞን መወለዳቸውን ብቻ ነው። ሰባውን ከየት እንዳመጣችው ሊጠይቋት አፋቸውን ሲከፍቱ የሆቴሉ ወሬ ቀደማቸው።

«አንዴ ከተከፈለ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም፣ መጠጡም ነፃ ነው» አለች ልጅት።

«ከተከፈለ በኋላ ነፃ የሚሆነው እንዴት ነው?»

«የፈለግሽውን ያህል ትበያለሽ ማለቴ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ የምበላው ግማሽ እንጀራ አይሞላም። የተረፈውን ሲያስቡ ይመልሱልኛል?»

ከዚያ ምሽት ወዲህ ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር ጉባኤ ሆነ። መጀመሪያ የተነሳው የትኛው ደሴት የሚለው ነው። ትሪኒዳድ ተባለ፣ ባርቤዶስ ተባለ፤ ልጄ በቦብ ማርሌና በዩሴን ቦልት ስም ጃማይካን አጸደቀ። አማቴም ጃማይካ ሲባል ፊታቸው ፈካ፤ ልጅ ሳሉ ጃንሆይ የሄዱባት አገር ናታ! እውነትም ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሡ ከትሪኒዳድ ተነስተው ኪንግስተን ሲያርፉ የጠበቃቸው ሕዝብ አጥሩንም ጠባቂውንም አልፎ አውሮፕላኑን ስለከበበው ቶሎ መውረድ አልቻሉም ነበር። ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስተፈሪያን መሪ ሕዝቡን አረጋግቶ ነው መንገድ ያስከፈተላቸው። ይህን ሳወራላቸው አማቴ በጥሞና ሰሙኝና «አየህ፣ እሳቸውም ለሥራ ነው የሄዱት» አሉኝ። «ዋኙ የሚል አልሰማሁም።»

ደግሞስ ጃማይካውያኑ ራሳቸው ባሕሩን ምን አደረጉት? ከዚያ ሁሉ አሸዋና ኮኮናት ተነስተው፣ ውቅያኖስ ተሻግረው፣ ጃንሆይ በሰጡት 5 ጋሻ መሬት ላይ ሻሸመኔ ሰፈሩ። አንዱ የባሕሩን ዳር ትቶ ወደኛ ሲመጣ ሌላው ከኛ ዘንድ ተነስቶ ወደዚያ ሊሄድ ጓዙን ይሸክፋል። መሐል መንገድ ላይ ብንገናኝ ምን እንደምንባባል አላውቅም።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። እኛ ገና በፓስፖርት ፎቶ ስንጨቃጨቅ ቡናችን እዚያ ሦስት መቶ ዓመት ከርሟል። ፍየል ጠባቂው ካልዲ ከነፍየሎቹ ዘለለባት የምትባለው ጮጬ ከአጋሮ ብዙም አትርቅ፤ ቦንጋዎች ይህን ሲሰሙ ደማቸው እንደሚፈላ አውቃለሁ፣ ክርክሩን ለእነሱ እተዋለሁ። ቡናው ካንዱ ጫካችን ወጥቶ የመን ገባ፤ ሆላንዶች ወደ ጃቫ ወሰዱት፣ ከዚያም አምስተርዳም። በ1714 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ ችግኝ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ተላከ። ጋብርኤል ደ ክሊዩ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን በ1720ዎቹ ከዚያ ዘር አንድ ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ሲጓዝ መርከቡ ላይ ውኃ አጠረ፤ ሰውየው ከድርሻው እየቀነሰ ችግኙን እያጠጣ እንዳደረሰው ራሱ ጽፏል። በ1728 ደግሞ የቀድሞው የጃማይካ ገዥ ኒኮላስ ሎውስ ቡናን እዚያች ደሴት ላይ አስተከለ።

እንግዲህ ይህ ዘመዳችን ብሉ ማውንቴን የሚባለው ተራራ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ስሙን ለወጠ። ዛሬ በእንጨት በርሜል ታሽጎ፣ አብዛኛው ለጃፓን ይሸጣል። አገር ቤት የቀረው ወንድሙ «ጅማ 5» ተብሎ በጆንያ ይጫናል። ውጭ አገር ቆይቶ በሽቶና በመነጽር የሚመለስ የአክስት ልጅ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛው አለመመለሱ ነው። የጌሻው ዝርያማ ይብሳል፤ ፓናማ ደርሶ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በጨረታ ላይ የሚጠራለትን ዋጋ ለአማቴ ስነግራቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው «በፈረሱላ ነው?» አሉ። በፓውንድ ነው ስላቸው ለረጅም ጊዜ አላናገሩኝም።

ምክር ለመጠየቅ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድን። ልጆቹ «ጋሼ ኩባ» ይሉታል። በኦጋዴን ጦርነት ማግስት ወላጆቻቸውን ያጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ኩባ ተወስደው «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ምድር ሲማሩ እሱ አንዱ ነበር። ካሪቢያን ደሴት ላይ ያደገ ሰው አጥራችን ሥር እያለ ኢንተርኔት ማገላበጣችን ራሱ አሳፋሪ ነው። ልጄ ደብተር ይዞ፣ ስክሪብቶውን ከፍቶ፣ ደሴት ላይ ምን ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀው።

«ግማሽ ቀን ትምህርት ነው» አለ ጋሼ ኩባ።

«ግማሹንስ?»

«ግማሹንማ ግሬፕፍሩት እንለቅማለን። መስመርህን ካልጨረስክ ምሳ የለም።»

ልጄ ስክሪብቶውን ዘጋ። ለቀማማ እዚሁ አያቱ ጓሮ ሞልቶለታል። ሰውየው ስለ ባሕሩ ሲጠየቅ ጨዋማ መሆኑን፣ ጀርባ እንደሚያቃጥል፣ ማታ ማታ ግን ሙዚቃው እንደማይረሳ ነገረን፤ ይህን ሲል እግሩ ጠረጴዛው ሥር ሳልሳ እየመታ ነበር። ከዚያ በስፓኒሽ አንድ ነገር ብሎ ተነፈሰ፤ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ቀጥሎ መቼ የሚለው መጣ። እዚህ ላይ ነው የቡና አገር ሰው ከሌላው ፍጡር የሚለየው። ልጆቹ የሚያርፉት በክረምት ነው። ክረምት ጅማ ላይ ዝናቡ አያባራም፣ ኪሱም ይደርቃል፤ ያለፈው ቡና ተበልቷል፣ የሚመጣው አልቀላም። ካሪቢያን ደግሞ ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለችው አውሎ ነፋስ ጃማይካን እንዴት እንዳደረገቻት በቴሌቪዥን አይተናል፤ ያን ያየ ሰው በዚያ ወራት ለዋና ሄድኩ አይልም። ሰማዩ የሚጠራው ከታኅሣሥ በኋላ ነው አሉ። ታኅሣሥ! ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ቀን ሲገለበጥ፣ ማታ ሲሸፈን፣ ለሌባ ዘብ ሲቆምለት! አማቴ በታኅሣሥ ከሜዳቸው ተነስተው ሌላ አሸዋ ላይ ይተኙ ማለት፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅን ካዝናውን ከፍተህ ና እንዝናና እንደማለት ነው። የልደታቸውም ቀን ያው ለቀማ ላይ ነው የሚውለው።

«ጳጉሜን ይሁን» አለች ባለቤቴ በመጨረሻ። ደመወዝ የማይቆጠርበት፣ ማንም የማይፈልገው ወር ነው፤ ዓለም የተወውን አምስት ቀን እንጠቀምበት ነው ሐሳቧ። ልጄ ስልኩን ነካካና ቀና አለ። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ጣሪያ የሚነካው ጳጉሜን 5 አካባቢ ነው።

የገንዘቡን ጉዳይ ባጭሩ እናልፈዋለን፤ ብዙ ማየት ያሳምማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ዘለለ። ባለቤቴ ሒሳቡን በፈረሱላ ሠራችው። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አውሮፓ ወይም አሜሪካ፣ ለመተላለፊያው ቪዛ፣ ከዚያ ደሴቲቱ። የኛ ጎተራ አውሮፓ ሳይደርስ አለቀ። የወንድሞቿን ጎተራ ጨምራ ውቅያኖሱን አጋመሰች። ላንጋኖ ይሁን የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ውኃው ቢልሃርዝያ የለበትም፣ አሸዋም አለው፣ ጃማይካውያኑም ጎረቤት ናቸው። እህትየዋ ግን ቡናማ ውኃ ውስጥ ፎቶ አልነሳም ብላ ጣለችው።

እንዲያም ሆኖ ዝግጅቱ አልቆመም። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ለዋና ልብስ ወጣን። ሰልባጅ ተራ ውስጥ አንዱ ልጅ ክምሩን እስከ ክርኑ ገብቶ ሲያምስ ቆየና ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አወጣ፤ ያበጠውን ጫፍ በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «የሕፃን መስሎኝ ለይቼ ነበር» አለ። ባለቤቴ ጨርቁን በሁለት ጣት አንጠልጥላ ወደ ብርሃን አነሳችው። ከጎኗ በርበሬ የሚያሰፍሩ እናት «ቀሪውስ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። ልጁም አላወላወለም፤ «ይኼው ነው፣ እናቴ፣ ውኃ ውስጥ ማን ያያል።» ለአማቴ ግን ሌላ ነው የታሰበው፤ እሳቸው በቀሚሳቸውና በሻሻቸው ዳር ላይ በጅማ በርጩማ ተቀምጠው ዕቃ ይጠብቃሉ።

ባሕር ዳር መሄድ ያለ ምክንያት የማይዋጥላቸው እኚህ ሴትዮ ታዲያ አንድ ዓርብ ከሰላት ተመልሰው፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ፣ ስልኩን ወደኔ አምጣው አሉ። ልጅቷ ዋሽንግተን ላይ ገና ከእንቅልፏ እየተነሳች ነው።

«ስሚኝማ» አሉ። «እኔ ሐጅ ሳልሄድ፣ ዑምራ እንኳ ሳላደርግ ጃማይካ ደርሼ መጣሁ ብል አጋሮ ማን ሰላም ይለኛል? አላህስ ዘንድ ምን እላለሁ?»

«እማዬ፣ ልደትሽ እኮ ነው...»

«አልጨረስኩም። ጅዳ የት ነው ያለችው?»

ዝም አለች።

«ቀይ ባሕር ዳር ናት። እኔ ዑምራዬን አደርጋለሁ፤ ባልሽም ልጆቹም፣ እህትሽም ባሏም ይከተሉኛል፣ ጅዳ ሲደርሱ ባሕር ያያሉ። ቡናውም ቢሆን መጀመሪያ በዚያ በኩል ነው የተሻገረው፤ ይኼ አማቼ አንብቦ ነግሮኛል። መንገድ ነው፤ ምክንያትም አለው። የጠየቀኝን ሰው ቀና ብዬ አየዋለሁ።»

በስልኩ ውስጥ የቡና መፍጫ ማሽን ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ ማሽኑን አጠፋችው።

«እማዬ፣ ለጃማይካው ሆቴል ቀብድ ከፍያለሁ። ደውዬ ጠየቅኳቸው፣ አይመለስም አሉኝ።»

«ቀብድማ አይመለስም» አሉ አማቴ፣ ሲኒያቸውን ወደ ረከቦቱ እየገፉ። «አርባ ዓመት አጋሮ ቡና የሸጥኩትን ሴትዮ ሳትጠይቂ ማን ክፈይ አለሽ?»