አመዴ እሳት ወለደ

እሳት አመድ ወለደ ይባላል። የእኔ አመድ ግን እሳት ወለደ፤ አዋላጁም እኔው ነኝ።

ነገሩ ከመሆኑ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ መሥሪያ ቤት ለአደጋ ዝግጁነት ሥልጠና ጠርቶን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አበሌን በልቤ እየቆጠርኩ ሠለጠንኩ። አሠልጣኙ ስለ ከፍተኛ ሙቀት ሲያስረዳ ጋቢዬን ተከናንቤ አንቀላፋሁ። ወረኢሉ ተቀምጦ ሙቀት የሚፈራ ማን ነው? እኛን የሚያስፈራን ውርጭ ነው። ውርጩ ራሱ የሙቀቱን ሥራ እንደሚሠራ የገባኝ ኋላ ነው፤ ሌሊት ሣሩን ይመታዋል፣ ቀን ፀሐይና ንፋስ ተጋግዘው ያደርቁታል፣ ጥርና የካቲት ላይ ደጋው አንድ ክብሪት ብቻ ይጠብቃል። ከእኛ በስተምዕራብ ያለው የቦረና ሳይንት ፓርክ አስታና ጓሳም በበጋ የሚያሰጋው ለዚሁ ነው።

ሠልጥኜ ስወጣ ግን አፌ አላረፈም። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ሕዝብ እንዴት ከእሳቱ ጋር እንደተናነቀ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያ እንዴት እንደመጣ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት እየዞርኩ አወራሁ። አተራረኬን ለሰማ ያጠፋሁት እኔ እመስላለሁ። በዚያ ላይ የወረኢሉ ልጅነቴ አለ! ምኒልክ በ1888 ለዓድዋ ሲዘምቱ የሸዋን ጦር በጥቅምት እኩሌታ የቀጠሩት እዚህ ነው። «ክተት እኮ በደማችን ነው» ብዬ አሠልጣኙን አስቄዋለሁ። ባለቤቴ ይህን ከሰማች ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ካልሲዬ ሲጠፋብኝ «ክተት ታወጀ!» ትላለች።

አስተርእዮ ማርያም ሁለት ቀን ሲቀራት ባለቤቴ ገበያ ወጣች። አንድ ቀን እንኳ ላግዛት ብዬ ምድጃውን ጠረግሁ። ማታ የተዳፈነ ፍም ከአመዱ ሥር እንደሚያድር አላውቅም አልልም። እናቴ ክብሪት ሳትገዛ ስንቱን ክረምት ያለፈችው በዚያ ነው፤ አመዱ ንፋሱን ይከለክለዋል፣ ፍሙም ሳያልቅ ያነጋል። እኔ ግን በእጄ ነካ አደረግሁት፣ ቀዘቀዘኝ፣ ማድ ቤቱ ኋላ ወስጄ ገለበጥሁት። አጠገቡ የገብስ ገለባ ክምር ነበር።

ጭሱን ሳይ መጮህ ነበረብኝ። የእኛ አገር የእሳት አደጋ ደወል ኡኡታ ነው። እኔ ግን አፈርኩ። የሠለጠነ ሰው ቤት እሳት ተነሣ ሊባል ነው! ስለዚህ እሳቱን ትቼ ደቂቃውን አጠፋሁት። ከዚያ ቢጫውን ጄሪካን አንሥቼ ሃያውን ሊትር ቸለስኩበት።

ሽታው ቀድሞ የደረሳቸው ጎረቤታችን እትዬ ናቸው።

«ያ ረቢ! አንተ ልጅ፣ ጠላ ነው እንዴ የምታጠጣው?»

ለማርያም ማኅበር የተጣራ ጠላ ነበር። እሳቱ ትንሽ አጉረመረመና በሌላ በኩል ዞረ። እትዬ እኔን መጠየቁን ትተው ኡኡታውን አቀለጡት። ሰው ከየአጥሩ ዘለለ። «ውኃ አትፈልጉ፣ ያልነካውን ለዩት!» አሉ። በመንሽ ደህናውን ገለባ እየሳቡ አራቁት፣ ቀሪውን በአፈርና በረጠበ ጆንያ ደበደቡት። እሳት የሚበላው ሲያጣ እንደሚሞት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አስምሬበት ነበር፤ ደብተሩ የት እንዳለ እንጃ።

እኔስ? «ሰነድ ላውጣ» ብዬ ቤት ገባሁ። ሳጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ የለም። ባዶ እጄን ከምወጣ ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን አወረድኩ።

ባለቤቴ ስትደርስ እሳቱ ጠፍቶ ሰው ላቡን ይጠርጋል። እኔ ግቢው መሐል በመስታወት የተለበጠውን የአደጋ ዝግጁነት ሰርተፍኬቴን እንደ ስእለት ታቅፌ ቆሜያለሁ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰርተፍኬቱን አየች። ምንም ሳትል ገባችና ከእህል ጎታው ኋላ አንድ ፌስታል አወጣች። የቤቱ ካርታ፣ የልጆቹ የልደት ካርድ፣ ጥቂት ብር። በ2014 ጦርነቱ ወረኢሉ ሲገባ ያለ አንዳች ወረቀት ከወጣን ወዲህ እንዲሁ ተጠቅልሎ ይቀመጣል ለካ። እሷ አልሠለጠነችም፤ አበልም አልወሰደች።

የማርያም ዕለት ማኅበርተኛው መጣ። ግማሹ እሳቱን ያጠፋው ሰው ነው፣ የአንዱ ቅንድብ ተለብልቧል። እንጀራው ቀረበ፣ መጠጥ የለም። የማኅበሩ ሙሴ ባዶውን ጽዋ እያየ «ዘንድሮስ እሳቱ ቀድሞን ጠጥቶታል» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ያኔ እትዬ ቃሪቦ የሞላ ጄሪካን አሸክመው በሩ ላይ ደረሱ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ጠላ ቤታቸው አይገባም። ጄሪካኑን ለባለቤቴ ሰጡና ወደ እኔ ዞረው፣

«ይሄ ለሰው ነው» አሉኝ። «አመዱን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እኔው መጥቼ አወጣልሃለሁ።»