ነዳ፣ ተገለበጠ፣ ተረፈ

ለንደን የሚኖር ሐበሻ በዝናቡ ይማረራል፤ እኔን የሚያማርረኝ የቅዳሜ ጋዜጣ ነው። ጥቁርና ነጭ ቤቶች ያሉት ሰሌዳ ይዞ ይመጣል፤ ክሪፕቲክ ክሮስዎርድ ይሉታል። አገር ቤት እንደምናውቀው «የፈረንሳይ ዋና ከተማ፣ ወደ ጎን» ብሎ በቀጥታ የሚጠይቅ እንዳይመስላችሁ። ፍንጩን ላይ ላዩን ስታነቡት ስለ አንድ ሰካራም ቄስ ወይም ስለ አንዲት አበባ የሚያወራ ይመስላል። ቄስም የለ፣ አበባም የለ። «ፍላወር» ያለው «የሚፈስ ነገር» ለማለት ነው፤ መልሱ ቴምዝ ወንዝ ሆኖ ቁጭ! «ሰከረ» ካለም የሰከረው ቄሱ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ቃል ነው፤ ፊደሎቹን አምሶ ሌላ ቃል ማውጣት የናንተ ፈንታ ነው።

ይህን የመፍታት አመል ያስያዙኝ ጋሼ ናቸው። በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ቆጥረዋል፤ እዚህ ደግሞ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሰሌዳውን መጀመሪያ ሲያዩ «ይሄማ ዜማ ያጣ ውስጠ ወይራ ቅኔ ነው» አሉና መነጽራቸውን አስመጡ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤታቸው እትዬ ቡና ያፈላሉ፣ እኛ እንጨቃጨቃለን። መልስ ማግኘቱስ ቶሎ ያልቃል፤ ፀቡ የሚነሣው «ይህ ፍንጭ ሐቀኛ ነው ወይስ ሸፍጥ?» የተባለ እንደሆነ ነው።

ፈጣሪዎቹ ክፋታቸውን አለመደበቃቸው ደስ ይለኛል። የሊቨርፑሉ ተወላጅ አርተር ዊን እ.ኤ.አ. በ1913 ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያውን ክሮስዎርድ ሲያሳትም ጥያቄው ሁሉ የዋህ ነበር። እንግሊዞች እጅ ሲገባ ተጣመመ። በ1926 ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ ማውጣት የጀመረው ኤድዋርድ ፖይስ ማዘርስ ለብዕር ስም የመረጠው ማንን ነው? ቶርኬማዳን! ስፔን ውስጥ ሰውን መናፍቅ እያለ ለእሳት ይዳርግ የነበረውን ዋና መርማሪ። በ1939 እሱ ሲሞት የተተካው፣ በሙያው መምህር የነበረው ዴሪክ ማክነት የሌላውን መርማሪ ስም ወስዶ ዚመኒስ ተባለ። በ1972 የመጣው አዜድ ደግሞ ዴዛ የተባለውን መርማሪ ስም ከኋላ ወደ ፊት ጻፈው። ደንበኞቹን በገራፊ ስም የሚያስተናግድ ሌላ ሙያ አላውቅም።

ዚመኒስ ግን ሕግ አወጣ፤ በ1966 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ፍንጭ ውስጥ የመልሱ ትክክለኛ ፍቺ ይኑር፤ ወደዚያው መልስ የሚያደርስ ሐቀኛ የቃል ጨዋታ ይኑር፤ ከነዚህ ሌላ አንዲት ትርፍ ቃል አትኑር። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «መምህሬም ያለው ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን ሲያርም አርጩሜ ነበረው» አሉኝ።

ነገሩ ከቡና ላይ ጭቅጭቅ ያለፈበትም ጊዜ ነበር። በ1944 ሊዮናርድ ዳው የተባለ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ቴሌግራፍ ላይ በሚያወጣው እንቆቅልሽ ውስጥ «ዩታ»፣ «ኦማሃ»፣ «ኦቨርሎርድ» የሚሉ መልሶች ተከታትለው ታዩ። ሦስቱም ለኖርማንዲ ወረራ የተሰጡ የምስጢር ስሞች ነበሩ። የስለላ ሰዎች መጥተው ሲያፋጥጡት ዋሉ፤ ኋላ ለቀቁት። «ባለቅኔ መቼ ከዘብ ርቆ ያውቃል» አሉ ጋሼ።

አንድ ቅዳሜ «በኛስ ፊደል የማይሆን ምን ነገር አለ?» ብለው ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጻፉ፦ «ነዳ፤ ተገለበጠ፤ ተረፈ (2 ፊደል)»።

እትዬ በትከሻቸው አሻግረው አነበቡና ጀበናውን ቁጭ አደረጉት። «አንተ ሰውዬ! መቼ ነው የተገለበጥከው? ይሄን ሁሉ ዘመን ደብቀኸኝ!»

ነገሩ ወዲህ ነው፦ «ነዳ»ን ገልብጡት፣ «ዳነ» ይሆናል፤ የዳነ ተረፈ። ትርፍ ቃል የለ፣ ሸፍጥ የለ። ዚመኒስ ቢሰማ ይበል! ያሰኛል። እትዬ ግን እስከ ዛሬ አላመኑም።

ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው። ግሳችን በግዕዝ ቤት ስለሚደረደር «ቀረበ» ሲታመስ «ቀበረ»፣ «ገበረ» ሲታመስ «ረገበ» ይወጣዋል። ጣጣው መስቀለኛው ላይ ነው። እንግሊዝ በ26 ፊደል ሲያቋርጥ እኛ ሠላሳ ሦስቱን በሰባት አባዝተን 231 ይዘን እንቀርባለን፤ ወደ ጎን «በ» ካልክ ወደ ታች «ቡ» አይገባልህም። የራሳችንን ሰሌዳ በአማርኛ ልንሠራ ሞክረን «ፀሐይ» ላይ ስንደርስማ ጉዳዩ ጦርነት ሆነ። እኔ ለሚያቋርጠው ቃል እንዲመቸኝ በሃሌታው «ሀ» ልጽፋት ስል ጋሼ እርሳሴን ቀሙኝ፤ «በሐመሩ ነው! ግእዝን ገድለህ እንቆቅልሽ ልትፈታ ነው?» ከአቦል እስከ በረካ ተሟገትን፤ ያችም ቤት ባዶዋን ቀረች። በበኩሌ ለጨዋታ ሲባል ሞክሼ ፊደሎቹ ሁሉ እንደ አንድ ይቆጠሩ ባይ ነኝ፤ ጋሼ ፊት ግን አልደግመውም።

ሰምና ወርቅ እያለው «የፈረንሳይ ዋና ከተማ» እያለ የሚጠይቅ ጋዜጣ አዘጋጅ ካለ፣ እባክዎ በወር አንዲት ሰሌዳ ለዚህ ይልቀቁልን። እስከዚያው አንባቢ ይህችን ይሞክሩ፦ «መከረ፤ ታመሰ፤ ሰነበተ (3 ፊደል)»። መልሱን ለኔ ሳይሆን አጠገብዎ ላለው ሰው ይንገሩት፤ ካልተስማማችሁ ቡና አፍሉ።